ሴል ቆጣሪዎቹ

ኧርነስት ማካሎክ ሐኪም ነበሩ። በ1960 ገደማ አንድ እሑድ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካናዳ፣ ቶሮንቶ ወደሚገኘው የኦንታሪዮ ካንሰር ኢንስቲትዩት ሄደው የሙከራ አይጦቻቸውን መመርመር ጀመሩ። አይጦቹ ከአሥር ቀን ገደማ በፊት መቅኔያቸውን በሚያጠፋ ኃይለኛ ጨረር ተመትተው፣ ከጤነኛ አይጥ አጥንት የተቀዳ የመቅኔ ሴል በመርፌ ተሰጥቷቸው ነበር። ማካሎክ የአይጦቹን ጣፊያ አውጥተው ሲያዩ ላዩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ተመለከቱ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ያልፋቸው ይሆናል። እሳቸው አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። ብዙ ሴል የተወጋ አይጥ ብዙ እብጠት አለው፤ ጥቂት የተወጋው ጥቂት። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ በነጥብ ሲያስቀምጧቸው ቀጥ ያለ መስመር ወጣ።

በማግስቱ ወረቀቱን ይዘው ወደ ባልደረባቸው ጄምስ ቲል ሄዱ። ቲል ከምዕራብ ካናዳ ገበሬ ቤተሰብ የወጡ የባዮፊዚክስ ባለሙያ ናቸው፤ ሕክምና አልተማሩም። ምናልባትም የጠቀማቸው ይኸው ነው። ቀጥ ያለው መስመር እያንዳንዱ እብጠት ከአንድ ነጠላ ሴል የተነሣ ሊሆን እንደሚችል ጠቆማቸው። ሁለቱ ግኝታቸውን በ1961 አሳተሙ፤ በ1963 ደግሞ ከተማሪያቸው አንድሩ ቤከር ጋር ሆነው በጨረር የተለወጡ ክሮሞዞሞችን እንደ ምልክት በመከተል ግምታቸው ትክክል መሆኑን አሳዩ። ከተወጉት 10,000 ያህል የመቅኔ ሴሎች እብጠት የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር። ያ አንዱ ራሱን ያባዛል፤ ልዩ ልዩ የደም ሴሎችንም ይወልዳል። እንዲህ ስላለው ሴል፣ ስለ ስቴም ሴል፣ ከዚያ በፊትም ብዙ ተወርቷል፤ በቁጥር የተያዘው ግን ያኔ ነው።

በ1964 የሆነው ነገር ብዙም አይወሳም፤ ለዚህ ታሪክ ግን ዋናው እሱ ነው። እብጠቶቹ እኩል አልነበሩም። በአንዱ ውስጥ በርካታ አዳዲስ ስቴም ሴሎች ይገኛሉ፤ በሌላው ውስጥ አንድም የለም። ሁሉም ከአንድ ዓይነት ሴል ከተነሡ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? ቲል፣ ማካሎክና የጄኔቲክስ ሊቁ ሉዊስ ሲሚኖቪች ጥያቄውን በኮምፒውተር ፈተሹት። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ስቴም ሴል በተከፈለ ቁጥር ዕጣ ይውጣለት፣ ወይ እንደ ራሱ ያሉ ሁለት ስቴም ሴሎች ይሁን፣ ወይ ስቴም ሴልነቱን ትቶ የደም ሴል ወደመሆን ይሂድ። ኮምፒውተሩ ዕጣውን እየደጋገመ አወጣ። በዚህ መንገድ የተገኙት የምናብ እብጠቶች በአይጥ ጣፊያ ላይ ከታዩት ጋር ተመሳሰሉ። ስለዚህ የአንዱን ሴል ዕድል አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ የብዙዎቹ ድምር ግን ሥርዓት ይዞ ይሄዳል። ኮምፒውተርና ስቴም ሴል የተዋወቁት በዚህ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሌላ በኩል የብሪታንያው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኮንራድ ዋዲንግተን በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሥዕል አስቀምጠው ነበር። ከተራራ አናት ላይ ኳስ አለ፤ ከፊቱ እየተከፋፈሉ ቁልቁል የሚወርዱ ሸለቆዎች አሉ። ኳሱ ገና ምን እንደሚሆን ያልለየለት ሴል ነው። አንዱ ሸለቆ ወደ ጡንቻ፣ አንዱ ወደ ነርቭ፣ ሌላው ወደ ቆዳ ይወስደዋል። አንዴ ከወረደ አይመለስም። ሥዕሉ ያምራል፤ አንድም ቁጥር ግን የለበትም። በ1969 ስቱዋርት ካውፍማን የተባሉ አሜሪካዊ ሥዕሉን ወደ ሒሳብ የሚያስጠጋ ነገር ሠሩ። ጂኖችን የሚበሩና የሚጠፉ አምፖሎች አድርገው፣ አንዱ ሌላውን እንዲያበራ ወይም እንዲያጠፋ በዘፈቀደ አገናኝተው ኮምፒውተር ውስጥ ለቀቋቸው። ትርምስ ይጠበቅ ነበር። መረቡ ግን ተቆጥረው ከማያልቁት ሁኔታዎች መካከል በጥቂቶቹ ላይ ብቻ እየተረጋጋ ቀረ። ካውፍማን እነዚህ የመረጋጊያ ቦታዎች የሴል ዓይነቶች ይሆናሉ ብለው ገመቱ። ግምቱን በእውነተኛ ሴል ላይ የሚፈትሽ መሣሪያ በዚያ ዘመን አልነበረም።

የሚቀጥሉት ዓመታት የሳህንና የማይክሮስኮፕ ዘመን ናቸው። የኦክስፎርዱ ጆን ጉርደን ቀደም ብለው በ1962 ካደገ እንቁራሪት እጭ አንጀት የወሰዱትን ኒውክሊየስ እንቁላል ውስጥ ከትተው፣ ከሸለቆው መመለስ እንደሚቻል አሳይተው ነበር። በ1981 ማርቲን ኤቫንስና ማቲው ካውፍማን ካምብሪጅ ላይ፣ ጌይል ማርቲን ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከአይጥ ፅንስ ስቴም ሴል አወጡ። በ1998 የዊስኮንሲኑ ጄምስ ቶምሰን ያንኑ በሰው ፅንስ አደረጉት። ጉድ የፈላው ያኔ ነው። ሴሉን ለማግኘት ፅንሱ መፍረስ ስላለበት ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያንና ምክር ቤት ገባ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ በነሐሴ 2001 የአሜሪካ ፌዴራል ገንዘብ ቀድሞ ከተዘጋጁት የሴል ዘሮች ውጪ ለሆነ ምርምር እንዳይውል ወሰኑ።

ከዚህ ክርክር ማምለጫውን ያገኙት ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ናቸው። በአጥንት ቀዶ ሕክምና የጀመሩት ያማናካ ምርምሩን መርጠው፣ በ1999 መጨረሻ ናራ በሚገኘው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም የመጀመሪያዋን የራሳቸውን ቤተ ሙከራ ተረከቡ። ቤተ ሙከራዋ ትንሽ ናት፤ ስማቸውም ገና አልታወቀም። በዓለም ያሉ ትልልቅ ቡድኖች አብዛኞቹ ስቴም ሴልን ወደ ልብ፣ ወደ ነርቭ፣ ወደ ቆሽት ለመለወጥ ይሽቀዳደሙ ነበር። ያማናካ ከእነሱ ጋር መወዳደሩን ትተው ተቃራኒውን ጠየቁ፦ የቆዳ ሴልን ወደ ስቴም ሴልነት መመለስ ይቻል ይሆን? ከተቻለ ፅንስ አያስፈልግም።

የት ይጀመር? የአይጥ ጂኖች ከሃያ ሺህ በላይ ናቸው። ሁሉን በእጅ መፈተሽ ዕድሜ ይፈጃል። በዚያን ጊዜ ግን በልዩ ልዩ የአይጥ አካላት ውስጥ የሚሠሩ ጂኖች ንባብ በሕዝብ የመረጃ ቋቶች ውስጥ ይከማች ጀምሮ ነበር፤ የጃፓኑ ሪኬን ተቋምም ፋንቶም በተባለው ፕሮጀክቱ የአይጥን ጂኖች እየመዘገበ ለዓለም ክፍት አድርጓል። ያማናካና ተማሪዎቻቸው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው አበጠሩት። በፅንስ ስቴም ሴል ውስጥ በርትቶ የሚሠራ፣ በሌላ አካል ውስጥ ግን የማይታይ ጂን የትኛው ነው? በዚህ መንገድ ከተገኙት አንዱን፣ ኤፍቢኤክስ15 የተባለውን፣ በኋላ እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ተጠቀሙበት፤ ሴል ወደ ስቴም ሴልነት ሲጠጋ ይህ ጂን ይበራል፣ የበራለት ሴል ደግሞ መርዝ ውስጥ ቢቀመጥ አይሞትም። በመረጃ ቋቱም፣ ከሌሎች ሊቃውንት ሥራም የተሰበሰቡት ተጠርጣሪዎች በመጨረሻ 24 ሆኑ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የካዙቶሺ ታካሃሺ ነው። ታካሃሺ በመጀመሪያ ዲግሪያቸው ኢንጂነሪንግ የተማሩ ሰው ናቸው። 24ቱን ጂኖች በቫይረስ እየጫኑ አንድ በአንድ ወደ አይጥ ሴል አስገቡ፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ ሁሉንም ባንዴ አስገቧቸው። ጥቂት የሴል መንጋዎች ከመርዙ ተርፈው በሳህኑ ላይ ብቅ አሉ። አሁን ጥያቄው ከ24ቱ የትኞቹ ናቸው ወሳኝ የሚል ሆነ። ሊሞከሩ የሚችሉት ጥምረቶች ከ16 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ታካሃሺ ግን 23 እያስገቡ አንዱን ብቻ እየቀነሱ ተመለከቱ። የቱ ሲጎድል ነው መንጋው የሚጠፋው? አሥር ቀሩ። ከአሥሩ ላይ ሲቀንሱ አራት ቀሩ፦ ኦክት3/4፣ ሶክስ2፣ ኬኤልኤፍ4 እና ሲ-ሚክ። ብልሃቱ ቀላል ይመስላል፤ ግን 24ቱን ያዘጋጀላቸው ወንፊት ባይኖር ኖሮ መቀነሱ ከየት ይጀመር ነበር?

ወረቀቱ በነሐሴ 2006 ታተመ። በኅዳር 2007 በሰው ሴል ተደገመ። ያማናካና ጉርደን በ2012 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። ከአራቱ ጂኖች አንዱ፣ ሲ-ሚክ፣ በካንሰር የታወቀ ስለሆነና ከብዙ ሺህ ሴሎች የሚለወጠው እጅግ ጥቂቱ በመሆኑ የተሻለ ጥምረት ፍለጋው ወዲያው ቀጠለ።

በ2009 ካምብሪጅ ላይ ከአንድ ነጠላ ሴል ውስጥ የሚሠሩትን ጂኖች በሙሉ የማንበብ ዘዴ ተገኘ። ከዚያ በፊት የሚነበበው የሺዎች ሴሎች ድብልቅ ነበር። ዘዴው እየረከሰ ሲሄድ የመረጃው ብዛት ከሰው ዓይን አቅም በላይ ሆነ፤ የቁጥር ሰዎች ወደ ቤተ ሙከራ በገፍ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

2014 በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጨናነቀ ዓመት ነው። የማይክሮሶፍት የካምብሪጅ ምርምር ማዕከል ባልደረባ ሣራ-ጄን ደን ከስቴም ሴል ሊቁ ኦስቲን ስሚዝ ቡድን ጋር ሆነው፣ የአይጥ ስቴም ሴል በስቴም ሴልነቱ እንዲጸና የሚያደርገውን የጂኖች መረብ በሶፍትዌር መረመሩ። ከታወቁት ሙከራዎች ሁሉ ጋር የሚስማማ ስንት ዓይነት መረብ ሊኖር ይችላል? ብዙዎች በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖች ያሉበት ውስብስብ ነገር ይጠብቁ ነበር። የተገኘው ቀላሉ መረብ 12 አባላት፣ 16 ግንኙነቶችና 3 ግብዓቶች ብቻ ነበሩት። ከዚህ ተነሥተው ሁለት ጂኖች አብረው ቢጠፉ ሴሉ ምን እንደሚሆን ገመቱና በሳህን ላይ ፈተሹት። 70 በመቶ ያህል ልክ ሆነ። ሰላሳው በመቶ መሳቱን አለመደበቃቸው ሊመሰገን ይገባል።

በዚያው ዓመት ሴልኔት የተባለ ፕሮግራም በአሜሪካ ይፋ ሆነ፤ ከሠሩት መካከል ፓትሪክ ካሃን፣ ሳማንታ ሞሪስ፣ ጆርጅ ዴይሊና ጄምስ ኮሊንስ ይገኛሉ። ፕሮግራሙ እውነተኛ ጉበት፣ እውነተኛ ልብና እውነተኛ ደም በጂን ሥራ ምን እንደሚመስሉ ከሕዝብ የመረጃ ቋት ይማራል፤ ከዚያ በቤተ ሙከራ የተሠራ ሴል ሲቀርብለት ስንት እጁ እውነተኛ እንደሆነ ነጥብ ይሰጣል። ውጤቱ ለብዙዎች አንገት የሚያስደፋ ነበር። ከሌላ ዓይነት ሴል በቀጥታ ጉበት ሆኑ የተባሉ ሴሎች ግማሽ ልባቸው አንጀት ላይ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ሴሎቹን ወስደው በተጎዳ የአይጥ አንጀት ላይ ሲያደርጓቸው በእርግጥም ተጣበቁ።

የዓመቱ ትልቁ ወሬ ግን የመጣው ከሪኬን ነው። በጥር ወር ኔቸር መጽሔት ላይ የወጡ ሁለት ወረቀቶች፣ የጨቅላ አይጥ ሴል ለግማሽ ሰዓት ያህል በቀላል አሲድ ቢነከር ወደ ስቴም ሴልነት ይመለሳል አሉ። ስሙም ስታፕ ተባለ። የያማናካ አራት ጂኖች እንኳ አያስፈልጉም ማለት ነው። ዓለም ተደነቀ፤ ቤተ ሙከራዎች ሁሉ አሲድ አነሡ፤ ለአንዳቸውም አልሠራም። በወረቀቶቹ ውስጥ የተነካኩ ሥዕሎች መኖራቸውም ተገለጠ። ያም ሆኖ ዋናው ጥያቄ፣ ሴሎቹ ምንድን ናቸው የሚለው፣ ክፍት ነበር። የሪኬን ባልደረባ የሆኑት ታካሆ ኤንዶ ሳህን ሳይነኩ ኮምፒውተራቸው ላይ ተቀመጡ። ወረቀቶቹ ሲታተሙ የሴሎቹ የጂን ንባብ ለሕዝብ ተለቆ ነበርና እሱን አውርደው መረመሩት። የስታፕ ሴሎች ከተባሉት ውስጥ ስምንተኛው ክሮሞዞም ሦስት ቅጂ ሆኖ ታያቸው። እንዲህ ያለ አይጥ በሕይወት አይወለድም፤ ሴሎቹ ግን ከተወለዱ አይጦች ተወሰዱ ተብሎ ነበር። ሦስተኛ ስምንት ቁጥር ክሮሞዞም የሚበዛው በሳህን ላይ ለረጅም ጊዜ በኖሩ የፅንስ ስቴም ሴሎች ላይ ነው። ወረቀቶቹ በሐምሌ ተሰረዙ። በታኅሣሥ የሪኬን አጣሪ ኮሚቴ ስታፕ የተባሉት የሴል ዘሮች ከፅንስ ስቴም ሴል የመጡ መሆናቸውን አስታወቀ። ስታፕ የተጋለጠው ደራሲዎቹ ራሳቸው በለቀቁት መረጃ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በትክክለኛ ስሙ ወደ መድረኩ የወጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ በመጀመሪያ የመጣውም ዓይን ሆኖ ነው። ልምድ ያለው የሴል ባለሙያ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ «ይኼኛው ተበላሽቷል» ይላል፤ በምን እንዳወቀ ሲጠየቅ ግን ማስረዳት ይቸገራል። በ2017 የሙኒክና የባዝል ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም መካከል ፋቢያን ታይስ፣ ካርስተን ማርና ቲም ሽሮደር፣ የደም ስቴም ሴሎችን ቪዲዮ ከምሳሌ ራሱ ለሚማር የዲፕ ለርኒንግ ፕሮግራም ሰጡት። ፕሮግራሙ ሴሉ ወደ የትኛው የደም ዓይነት እንደሚያደላ የተለመደው ምልክት ከመታየቱ እስከ ሦስት ትውልድ ቀድሞ ለየ። በ2019 ቦነስ አይረስ ላይ የተሠራ ተመሳሳይ ጥናት፣ የአይጥ ስቴም ሴል መለወጥ ከጀመረ ከ20 ደቂቃ በኋላ በተነሣ ተራ ፎቶ ብቻ ለውጡን መለየት እንደሚቻል አሳየ። በ20 ደቂቃ ውስጥ ልዩነቱን ማየት ለሰው ዓይን ከባድ ነው።

በዚያው ዓመት የዋዲንግተን ሥዕል ቁጥሩን አገኘ። በአሜሪካ ብሮድ ኢንስቲትዩት ጀፍሪ ሺቢንገር የተባሉ የሒሳብ ሰውና ባልደረቦቻቸው፣ የአይጥ ሴሎች በያማናካ ጂኖች ሲለወጡ ለ18 ቀን በየግማሽ ቀኑ እያነበቡ 315,000 ሴሎችን ሰበሰቡ። የተነበበ ሴል ይሞታል፤ ስለዚህ የዛሬው ሴል ነገ ምን እንደሆነ በቀጥታ ማየት አይቻልም። ለዚህ የተጠቀሙበት ሒሳብ ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንዥ በ1781 የአፈር ክምርን ከቦታ ቦታ በትንሹ ድካም ስለማጓጓዝ ያነሡት ጥያቄ ነው። አፈሩ ሴል ሆነ። ስሌቱ ኦቦክስ6 የተባለ ጂንና ጂዲኤፍ9 የተባለ ፕሮቲን ለውጡን እንደሚያግዙ ጠቆመ፤ ሲሞከር ልክ ሆነ።

ነገሩ ወደ ሕመምተኛ የቀረበው በዓይን ሕክምና በኩል ነው። በመስከረም 2014 ኮቤ ላይ በማሳዮ ታካሃሺ በሚመራ ምርምር፣ ከራሷ ቆዳ ተነሥቶ የተሠራ የሬቲና ሴል ዕድሜዋ በሰባዎቹ ውስጥ ላለች ሴት ዓይን ተደረገላት። በማግስቱ ዓመት ሁለተኛው ሕመምተኛ ተራ ሲደርስ በተዘጋጁት ሴሎች ውስጥ የጂን ለውጦች ተገኙና ተቋረጠ። በአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ኢንስቲትዩት የካፒል ባርቲ ቡድን በ2020 አንድ የጥራት መመርመሪያ አቀረበ፤ ሴሎቹን ሳይነኩ በፎቶ ብቻ ጥራታቸውን የሚገምት ፕሮግራም። በነሐሴ 2022 ያው ተቋም ከሕመምተኛው ከራሱ ደም የተሠራ የሬቲና ሽፋን ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ በቀዶ ሕክምና አስገባ።

ጃፓኖች ደግሞ እጁንም ለማሽን ሰጡት። የሬቲና ሴል ማሳደግ የእጅ ሥራ ነው፤ መድኃኒቱ ስንት ይሁን፣ ስንት ቀን ይቆይ ብቻ ሳይሆን፣ ሴሉን ከሳህኑ ለማላቀቅ ፒፔቱ በምን ያህል ኃይል ይረጭ የሚለውም ውጤቱን ይለውጠዋል። አንዱ ቤተ ሙከራ የተሳካለት ሌላው ጋ የሚከሽፈው በዚህ ነው። በ2022 ጌንኪ ካንዳና የሪኬን ባልደረቦቻቸው ማሆሎ የተባለ ሁለት ክንድ ያለው ሮቦት ከአልጎሪዝም ጋር አጣመሩ። ሮቦቱ ሴሉን ያሳድጋል፤ ካሜራ ቡናማ ቀለም ያወጣውን ስፋት ይለካል፤ አልጎሪዝሙ ቀጥሎ ምን እንደሚሞከር ይወስናል። 200 ሚሊዮን ከሚሆኑ አማራጮች 143ቱን ብቻ በ111 ቀን ሞከረ፤ በቀለሙ መለኪያ ከመነሻው 88 በመቶ የተሻለ ውጤት አገኘ።

በ2023 ክሪስቲና ቴዎዶሪስና ባልደረቦቻቸው ጂንፎርመር የተባለ ሞዴል አወጡ። እነ ቻትጂፒቲ በሚማሩባቸው ቃላት ፋንታ ይህ የተማረው 30 ሚሊዮን ያህል የሰው ሴሎችን የጂን ንባብ ነው፤ አንዳንድ ጂኖች ተደብቀውበት የጎደለውን እየገመተ። ልብን ለሚያደክም ሕመም የሕክምና ዒላማ ይሆናሉ ያላቸው ጂኖች ከስቴም ሴል በተሠራ፣ ሕመሙ ባለበት የልብ ጡንቻ ላይ ተሞከሩ፤ የጡንቻው የመኮማተር ኃይል ተሻሻለ። ሞዴሉ ለማንም ክፍት ነው። እንዲህ ያሉ ሞዴሎች በሚማሩባቸው የመረጃ ቋቶች ውስጥ ግን አብዛኛው ሴል የተገኘው ከአውሮፓ ዘር ሰዎች ነው፤ የአፍሪካው ድርሻ ጥቂት ነው። ማሽን ያላየውን አይማርም፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከወዲሁ ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የቅርብ ጊዜው ምዕራፍ የተከፈተው በ2025 ነው። የቻትጂፒቲ ሠሪው ኦፕንኤአይና ሬትሮ ባዮሳይንስስ የተባለው ኩባንያ፣ ለፕሮቲን ሥራ በተዘጋጀ ሞዴል ከያማናካ አራቱ ሁለቱን፣ ሶክስ2ንና ኬኤልኤፍ4ን፣ እንደ አዲስ አስነደፉ። በነሐሴ ወር ባወጡት መግለጫ አዲሶቹ ፕሮቲኖች በሳህን ላይ የስቴም ሴልነት ምልክቶችን ከቀድሞዎቹ ከ50 እጥፍ በላይ ከፍ አድርገዋል ብለዋል። የኦፕንኤአይ ኃላፊ ሳም አልትማን በሬትሮ ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰሳቸውን አንባቢ ልብ ይበል። ቁጥሩ የኩባንያዎቹ የራሳቸው ነው፤ የሚጸናው ገለልተኛ ቤተ ሙከራዎች ሴሉን አሳድገው ሲቆጥሩት ነው።